የባሕር ዳር ከተማና የደሴቶቿ ታሪክ

ከእናንተ መካከል በሹመት፣ በዝውውር ወይም ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። ይህ ሰው ሰፊውን ጎዳና፣ በግራና በቀኝ የተሰለፈውን ዘንባባ፣ መሥሪያ ቤቶቹንና ሆቴሎቹን አይቶ ሲያበቃ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ በውሃው ላይ ጠቆር ጠቆር ብለው የሚታዩትን ደሴቶችም ተመልክቶ «ከተማው እነሆ፤ እነዚያ ደግሞ የከተማው ጌጥ ናቸው» ብሎ ያስባል። ዐይን የሚያየው ይህንኑ ነውና በሐሳቡ የሚወቀስ አይደለም። በታሪክ በኩል ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ታላቁ ደሴቱ ነው፤ ታናሹ ከተማው ነው። ደሴቶቹ መጻሕፍት ሲያስጽፉ፣ ሥዕል ሲያሥሉና የነገሥታትን ዐፅም ሲጠብቁ፣ ባሕር ዳር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። ይህን ጉዳይ በሬዲዮ ሲነገር ያልሰማችሁት ትኖሩ እንደ ሆነ እነሆ በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ዓመታቱን የምጠቅሰው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ሐይቁ ጥቂት ልናገር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ የሚመጥን አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከነገባሮቻቸው ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ደሴቶቹ 37 ናቸው ተብሎ በብዙ መጽሐፍ ይጻፋል፤ ነገር ግን ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ከየብስ የሚለየውና ከየብስ የሚገናኘው መሬት ስለሚለዋወጥ ቆጣሪዎች ሁሉ በአንድ ቁጥር አይስማሙም።

ባሕር ዳር የተሠራችው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ፣ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ነው። በወንዙ አፍ አጠገብ ደብረ ማርያም የምትባለው ደሴት አለች፤ ነዋሪዎቿ ለገበያም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማው የሚመጡት ውሃውን ተሻግረው ነው። ጥቂት ወደ ሰሜን ፈቀቅ ሲሉ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በስተ ምዕራብ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከነጫካው ይታያል። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴና ጣና ቂርቆስ ግን ከዚህ ርቀው በሐይቁ ውስጥና በምሥራቁ ወገን ያሉ ናቸው።

ክብራን ገብርኤል የተመሠረተው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አባ ዘዮሐንስ በሚባሉ መነኩሴ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ በታላቁ ኢያሱ ዘመን እንደገና ታንጿል። የክብራን ሀብቱ ግን ሕንፃው ሳይሆን ዕቃ ቤቱ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመተው የክብራን አራቱ ወንጌል ገጽ ሙሉ የሆኑ ሥዕሎች አሉበት፤ በአገራችን የብራና ሥዕል ታሪክ የሚመራመር ሰው ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ብራና በተዳመጠ ጊዜ ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም፤ አዲስ አበባ የምትባል ከተማም አልነበረችም።

በደሴት ላይ መጽሐፍ ማከማቸት ስለ ምን አስፈለገ? መነኩሴው ወደ ውሃ መካከል የሚሄደው ከዓለም ለመለየት ነው፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን ለታሪክ ጸሐፊ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። በአገራችን ጦርነት በተነሣ ቁጥር እሳት መጀመሪያ የሚያገኘው የሣር ክዳን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከ1520ዎቹ እስከ 1535 ዓ.ም. በቆየው በኢማም አሕመድ ዘመን በየብስ ላይ የነበረ ብዙ መጽሐፍ፣ ብዙ ንዋየ ቅድሳት ጠፍቷል። ፈረሰኛ ውሃ አይሻገርምና ከየአገሩ የሸሸው ዕቃ ወደ ጣና ደሴቶች ገባ። ደሴቶቹ ፈጽሞ ያልተደፈሩ ነበሩ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ከየብሱ ጋር ሲነጻጸሩ የመንግሥቱ የታመነ ካዝና እነርሱ ነበሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ለዚህም ዳጋ እስጢፋኖስ ምስክር ነው። ዳጋ ከደቅ ደሴት አጠገብ እንደ ጉልላት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በደን የተሸፈነ ደሴት ነው። በዚያ የአምስት ነገሥታት ዐፅም ተጠብቆ ይገኛል፤ እነርሱም ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩ ንጉሥ መሆናቸውን ልብ በሉ። ያን የሚያህል ግንብ በየብስ አስገንብተው ዐፅማቸው ያረፈው ግን በደሴት ነው። በዚሁ ገዳም ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ሠዓሊው ስሙን በሥዕሉ ላይ ማስጻፉ በዚያ ዘመን እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። ስማቸውን ደብቀው ካለፉት ከብዙዎቹ ሠዓልያን መካከል አንዱን በስሙ ለማወቅ የቻልነው በደሴት በመቀመጡ ነው።

ስለ ጣና ቂርቆስ የሚተረከው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በዚህ ደሴት 800 ዓመት ቆይታለች ተብሎ በገዳሙ ይነገራል። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ትውፊት ስለ ሆነ በብራና ከሚመሰከረው ታሪክ ጋር ሳላደባልቅ በትውፊትነቱ አስቀምጬዋለሁ። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በግድግዳው ላይ የእርሳቸውም ምስል ተሥሎ ይታያል።

ስለ እቴጌይቱ ካነሣሁ አይቀር ሌላም ሴት ልጥቀስ። ክብራንና ዳጋ በሥርዓታቸው ሴት አያስገቡም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው የጣና ታሪክ የወንዶች ብቻ ይመስለዋል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በታወከ ጊዜ ግን በሐይቁ ዙሪያ ብርቱ ተቃዋሚ ከሆኑት አንዷ ወለተ ጴጥሮስ የምትባል የመኳንንት ወገን ነበረች። ባሏ የንጉሡ ባለሟል ነበር። እርሷ ግን ቤቷን ትታ መነኮሰች፤ ተግዛለች፤ ከግዞትም ተመልሳ በጣና ዙሪያና በደሴቶቹ ላይ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸውን ማኅበሮች አቋቋመች። በ1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ገድሏም ካረፈች ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1665 ዓ.ም. ገደማ ተጻፈ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው ሲመልሱ ይህን ካስገደዷቸው ብዙ ምክንያቶች መካከል የደሴቶቹ እምቢታ አንዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ የብሱ እንመለስ። የባሕር ዳር ጥንተ መሠረት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን አገሩም ቀድሞ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ይባል ነበር። በቅጽሩ ውስጥ የሚታየው የድንጋይና የኖራ ሕንፃ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው የእስፓኝ ተወላጅ ጴድሮ ጳኤዝ ሥራ እንደ ሆነ ይነገራል። ይኸው ጳኤዝ በ1610 ዓ.ም. የግልገል ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. እዚያው ደርሶ «ከእኔ በፊት ያየው ፈረንጅ የለም» ብሎ የተመካው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። በምንጩ ዳር የሚኖረው ያገሬው ሕዝብ ግን በማንኛቸውም ክርክር ውስጥ አልገባም።

ሆኖም ባሕር ዳር ለረዥም ጊዜ ትልቅ ከተማ አልሆነችም። በ19ኛው መቶ ዓመት የሐይቁ ዋና የንግድ ከተማ በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጣ ጊዜ እንዲቀመጥ የተደረገው በቆራጣ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በማዶ በዘጌ ሰፍረው ነበር። መልክተኛውና ባልንጀሮቹ የተያዙት ሐይቁን ተሻግረው ወደ ዘጌ በተጠሩ ጊዜ ነው። ከእስረኞቹ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የባሕር ማዶውን የእንፋሎት መርከብ ለመምሰል ሁለት ታላላቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚሽከረከር መዘውር አስገጥመውባቸው ነበር። በዚያው ክረምት መግቢያ በዘጌ ሰፈር የወረርሽኝ በሽታ ገብቶ ብዙ ሠራዊት አለቀ፤ ሰፈሩም ተነሣ። የእኒያ ጀልባዎች ነገር ሲታሰብ ግን የንጉሡን አሳብ እናደንቃለን፤ የእንፋሎት ሞተር ባይኖራቸው ደንገልና ሰው ነበራቸው።

ደንገል ካልን ስለ ታንኳው ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ ያለ ታንኳ ደሴቱና የብሱ አንድ አገር ሊሆኑ ባልቻሉም ነበርና። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረዥም ቄጠማ ነው። ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይሆንና በልጥ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ይደረጋል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። እየዋለ እያደረ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ይበሰብስና ሌላ ይሠራል። ስንቱ እህል፣ ስንቱ ማገዶ፣ የዘጌ ቡና፣ ታማሚው፣ አስከሬኑ፣ ታቦቱም ሳይቀር በዚህ በሚበሰብስ ነገር ተሻግሯል። በዘጌ አፈሩን ማረስ በሥርዓት ስለ ተከለከለ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል፤ እህሉን ከየብስ ገበያ ያመጣል።

ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ሲጸየፏቸው ኖረዋል፤ የራሳቸው የነበረው ቋንቋም ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ቀርቷቸዋል። ከተማው በሰፋ ቁጥርም ከውሃው ዳር የሚነሡት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ክቡራን አንባብያን፤ የገዳማቱን ታሪክ ስናነብ መነኮሳቱንና ነገሥታቱን እናነሣለን፤ ሁሉንም ያሻገራቸውን ሰው ግን አናነሣም። እኔ ይህን ትልቅ ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በነገራችን ላይ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. «ራ» የተባሉትን ሁለት የደንገል ጀልባዎች አሠርቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሊሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ፊተኛይቱ ከመድረሷ በፊት ተበላሸች፤ ሁለተኛይቱ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዓለም ያደነቀው ያ ደንገል በእኛ ዘንድ በየቀኑ እንጨት ይሸከም ነበር።

ሐይቁ የመንግሥታት ጉዳይ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ግብፅንና ሱዳንን ይዘው ስለ ነበር የዓባይ ውሃ ያሳስባቸዋል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ካልተስማሙ በቀር በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማሙ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለዚሁ ሐይቅ በመካከላቸው ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ነገሩን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን የዚህን አቤቱታ ዋጋ ትረዱታላችሁ፤ ጠመንጃ ሳይተኮስ በወረቀት የተደረገ መከላከል ነው። ቀጥሎም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ ጂ ኋይት ከተባለው ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ፤ የኩባንያው መሐንዲሶችም መጥተው ሐይቁን አጠኑ። ግድቡ ሳይሠራ ጦርነት ደረሰ። በዚያው ዘመን በዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን በታንኳ እየዞረ ደሴቶቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ ካርታ አንሥቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ የገዳማቱን ሁኔታ ከወረራው በፊት ለማወቅ ዛሬም የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ባሕር ዳርን ይዞ እስከ 1933 ቆየ። የሚያስገርመው የከተማይቱ ዕድገት የመጣው ከዚያው ጦርነት ከተገኘ ካሣ መሆኑ ነው። ኢጣልያ ለኢትዮጵያ በከፈለው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ከጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ኃይል ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። የጀርመን ባለሙያዎችም የከተማውን ፕላን ነደፉ፤ ዛሬ የምናደንቃቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ከዚያ ዘመን አሳብ የተወለዱ ናቸው። የአገሪቱ ዋና ከተማ ወደዚያ ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበርም በብዙዎች ዘንድ ይወራል። በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ለዚህ ወሬ መነሻ ሳይሆን አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከተማይቱ 96,000 ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ180,000 በለጠች። በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር በዓባይ ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመረቀ።

የሐይቁ ነገር ግን ባጭሩ አይታለፍም። እንግሊዞች ይፈሩት የነበረው ሥራ በመጨረሻ በ1988 ዓ.ም. በራሳችን እጅ ተፈጸመ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተከተሉ። መብራቱ ተገኘ። በሌላው ወገን ጢስ ዓባይ የቀድሞ ግርማው ቀነሰ፤ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ መርከቦች ለወራት ሥራ ፈቱ፤ ከውሃው ርቆ የቀረ ብዙ ደንገልም ጠፋ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ታየ። ገበሬው፣ ተማሪውና መነኩሴው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አለፉ፤ አረሙ ግን መልሶ ይበቅላል፤ ከእርሻውና ከከተማው እየታጠበ የሚወርደው ደለልና ቆሻሻ ይመግበዋልና። በሌላ አገር የማይገኙ ከዐሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዘሮች በዚህ ሐይቅ ውስጥ አሉ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከነአካባቢው በዓለም ከሚጠበቁ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ መዝገብ ግን አረም አይነቅልም።

ስለ መጻሕፍቱ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደሴቶቹ መጥቶ ከክብራንና ከሌሎችም ገዳማት ብዙ ብራናዎችን በፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ዝርዝራቸውም በጀርመንኛ ታትሟል። ስለዚህ የጣናን ብራና ለመመርመር የሚሻ ሰው ፎቶግራፉን አውሮፓ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መጽሐፉ ራሱ ግን ከውሃው እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ጋር እየታገለ እዚያው በደሴቱ ዕቃ ቤት ነው። ቁልፉን የያዘው መነኩሴ ጎብኚ ሲመጣለት መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ያወጣል፤ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገልጣል፤ ሲጨርስም መልሶ ጠቅልሎ ያስገባዋል።